መንኰራኩር ምንን ገፍቶ ይሄዳል?

በጓሳ የከረመ ሰው ያውቀዋል፤ የባቄላ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም፤ እሳቱም ብዙ እፍታ ይፈልጋል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው። ባለፈው ዕረፍት ምድጃ ዳር ተቀምጠን ሳለ አንድ እረኛ ልጅ፦ «እዚህ እሳት እንዲህ ከተቸገረ፥ አየር በሌለበት ሰማይ መንኰራኩር እንዴት ይነዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። የአርትስ ተማሪ ነኝና አፈርሁ። ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ ኀፍረት ነው።

እሳት የሚነደው በኦክሲጅን ነው። አውሮፕላን ኦክሲጅኑን ከአየር ይስባል፤ መንኰራኩር ግን ከነዳጁ ጋራ ራሱ ተሸክሞት ይወጣል።

ታዲያ ምንን ገፍቶ ይሄዳል? ብዙዎቻችን አየሩን የሚገፋ ይመስለናል። በጥር 1912 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ታይምስም እንዲሁ መስሎት በአሜሪካዊው ሊቅ በጎዳርድ ላይ ተሣልቆ ነበር፤ ስሕተቱን ያመነው በሐምሌ 1961 ዓ.ም.፥ ሰዎች ወደ ጨረቃ በጕዞ ላይ ሳሉ ነው። ምንሽር የተኰሰ ሰው ግን ነገሩን በትከሻው ያውቀዋል። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ሰደፉ ወደ ኋላ ይመታል፤ ለዚህም አየር አያስፈልግም። መንኰራኩርም የጋለውን ጋዝ ወደ ኋላ ሲተፋ፥ ጋዙ እርሱን ወደ ፊት ይገፋዋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር የጋዙ ፍጥነት ነው። ጎዳርድ መጋቢት 7 ቀን 1918 ዓ.ም. ያስወነጨፈው በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክሲጅን ነበር። ጋጋሪንን በ1953 ዓ.ም. ያወጣው ላምባ ነው፤ አዎን፥ በኩራዝ የምናነደው ዓይነት፥ ይበልጥ የተጣራ። የላምባ ጋዝ በሴኮንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ሃይድሮጅን ከ4 ይበልጣል፤ ግን ፈሳሽ ሆኖ የሚቈየው ከዜሮ በታች በ253 ዲግሪ ስለ ሆነ አያያዙ ጭንቅ ነው።

መሬትን ለመዞር ደግሞ በሴኮንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ያስፈልጋል። ሩሲያዊው መምህር ጺዮልኮቭስኪ እንዳሰላው፥ የጋዙን ፍጥነት እጥፍ ለማግኘት ከመቶው ክብደት 86ቱ ነዳጅና ኦክሲጅን መሆን አለበት።

የኛይቱ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና፥ ከታይዩዋን ስትወጣ 70 ኪሎ ገደማ ትመዝን ነበር፤ የተሸከማት ሎንግ ማርች 4ቢ ግን 250 ቶን ያህል። (ብቻዋን አልነበረችም፤ ትልቋ ተሳፋሪ የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ነበረች።) ነዳጁ ከሃይድራዚን ወገን ሲሆን፥ ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ከሚባለው ጋራ ገና ሲነካካ ያለ ክብሪት ይነዳል። ለዓመታት ቢቀመጥም አይበላሽም፤ ብርድም አይሻም። ነገር ግን ሁለቱም መርዝ ናቸው፤ ታይዩዋንም ከባሕር የራቀ ስለ ሆነ፥ ነዳጁን የጨረሰው የታችኛው ክፍል ተመልሶ የሚወድቀው በየብስ ላይ ነው።