«እውነቱን ተናገርና ይለቁሃል»

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ የጎረቤታችን ልጅ በጠብ ተይዞ ጣቢያ ገባ። አባትየው ምሳ ይዘውለት ሄደው የመከሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጄ፣ እውነቱን ተናገርና ይለቁሃል።» ልጁም «መትቼዋለሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። ሌላው ልጅ ዱላ ይዞ እንደመጣበት ግን አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውማ! የሕግ ተማሪ ነኝ ባዩ እኔም ከአባትየው ጋር በር ላይ ቆሜ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ውድ አንባቢያን፣ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ለፈተና ስንል በቃላችን ይዘነዋል። የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ይነገረዋል፤ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ይገለጽለታል፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቀጽ 21 ደግሞ ከዘመዶቹና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። አባትየው ከምሳው ጋር ጠበቃም ይዘው መምጣት ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ዝም ያለ ሰው ለኛ ጥፋተኛ ይመስለናል። ነገር ግን ዝምታ ውሸት አይደለም። ዛሬ ዝም ያለ ነገ ከጠበቃው ጋር ተማክሮ ሊናገር ይችላል፤ የፈረመበትን ቃል መልሶ መዋጥ ግን ከባድ ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም ቢባልም፣ መገደድን ማሳየት ራሱን የቻለ ሙግት ነው።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ የምርመራ ቀን ይጠይቃል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። ተጠርጣሪውም «ምን ምርመራ ቀረና ነው?» ብሎ መቃወምና ዋስትና መጠየቅ ይችላል። ዋስ የሚሆነው ሰው «ንጹሕ ነው» ብሎ አይደለም የሚፈርመው፣ «በቀጠሮው ይቀርባል» ብሎ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ዘመድ ዋስ መሆን ይፈራል! ዋስትና ቢከለከል በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ።

ክስ ተነቦ ከተሰማ በኋላ ደግሞ «የእምነት ክህደት ቃል» የሚባለው ይመጣል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙም ጥፋት አለበት። «ክህደት» ሲባል ሰው ክርስትናውን ወይም እስልምናውን የካደ ያህል ይሰማዋል። በሕጉ ግን ጥያቄው በክሱ የተጻፈውን እያንዳንዱን ነጥብ ያለ ምንም ማሻሻያ ታምናለህ ወይ ነው። እንዲህ ያመነን ሰው ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል (አንቀጽ 134)። «መትቻለሁ፣ ግን ራሴን ስከላከል ነው» ያለ ሰው አላመነም፤ አንቀጽ 133 እንደካደ ቆጥሮ ዐቃቤ ሕግ እንዲያስረዳ ያደርጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለሕጋዊ መከላከል አንቀጽ 78ን አስቀምጧል፤ መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት እንጂ። በእርግጥ ጥፋቱን ከልቡ ተጸጽቶ ማመን በአንቀጽ 82 ቅጣት ያቀልላል። ግን ክሱን አንብቦ፣ ጠበቃ አማክሮ ሲሆን ነው የሚያምረው።

ጠበቃ መቅጠር ለማይችል፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ፣ አንቀጽ 20 መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ሰፈር ውስጥ «ደመወዙን መንግሥት እየከፈለው ለኛ ይከራከራል?» ሲባል ሰምቻለሁ። ይከራከራል፤ የሚያስረዳውን ነገር እኛ ከነገርነው።

የጎረቤታችን ልጅ ተከላካይ ጠበቃ ቆመለት። ክሱ ሲነበብ «መትቻለሁ፣ ግን ዱላ ይዞ ስለመጣብኝ ነው» አለ፤ ዳኛዋም «ክዷል ተብሎ ይመዝገብ» አሉ። አባትየው ከችሎት ሲወጡ ተቆጥተው ነበር።

«ልጄ መቼ ካደ? በሰው ፊት ተናገረ አይደል እንዴ!»

«ጋሼ፣ ይሄ ክህደት ሌላ ነው» ብዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሳስረዳቸው ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ቀጣዩ ቀጠሮ ለዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ነው። ዱላውን ያየችው ባለሱቅ በመከላከያ ምስክርነት ተቆጥራለች።