ስለ አባ ሳሙኤል የውሃ ኃይልና ነዳጅን ስለ መተካት

ሰው ለሥራው ኃይልን ከጉልበቱ፥ ከእንስሳውና ከሚያነደው እንጨት ሲያገኝ ኖረ፤ ኋላም ከምድር ሆድ የሚወጣው ናፍጣና ቤንዚን ተጨመረ። ናፍጣ ግን ሁለት ጉዳት አለበት። አንደኛው፥ ኢትዮጵያ ከውጭ አገር በውጭ ገንዘብ የምትገዛው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ አንድ ጊዜ ከነደደ የማይመለስ፥ ጢሱም ዓለሙን የሚያሞቅ መሆኑ ነው።

ውሃ ግን ፀሐይ ወደ ሰማይ ታወጣዋለች፥ ዝናብም ሆኖ ይመለሳል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት የተዠመረው ይህ ሥራ፥ በኢትዮጵያ ከውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ ከወጣባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ኃይሉም 6,600 ኪሎዋት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግድቡ የክረምቱን ውሃ አግዶ ለበጋ ያቈየዋል። ውሃው በቧንቧ ቁልቁል ሲወርድ መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩም ዲናሞውን ያዞራል፤ ከዲናሞው የወጣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ይሄዳል። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም፤ ልዩነቱ መዘውሩ በወፍጮ ድንጋይ ፈንታ ዲናሞ ማዞሩ ነው።

አባ ሳሙኤል ጥገና አጥቶ ብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ ከቈየ በኋላ፥ በቻይና መሐንዲሶች ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግመኛ ተከፈተ። በዚያው ዓመት እስከ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ተመረቀ፤ ቀድሞ በአቃቂ ያልፍ የነበረው ባቡር ግን በናፍጣ ይሄድ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ኃይሉ 5,150,000 ኪሎዋት ነው፤ ይኸውም የአባ ሳሙኤልን 780 ጊዜ ያህል ነው። ዝናብ ባነሰ ጊዜም የውሃው ኃይል ያንሳልና፥ በአዳማ የነፋስ መዘውሮች ተተክለዋል።

ነገር ግን ትልቁም ትንሹም ግድብ የሚኖረው በአንድ ሕግ ነው። ከኮረብታ የታጠበ አፈር የግድቡን ሆድ ሲሞላው፥ ውሃ የሚጠራቀምበት ስፍራ ይጠባል። ከከተማው በአቃቂ ወንዝ የሚወርደው ቆሻሻም እንቦጭን ይመግባል፤ እንቦጩም የሐይቁን ፊት ይሸፍናል። መሐንዲስ መኪናውን ሊያድስ ይችላል፤ ወንዙን ግን ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ሽማግሌዎች የወንዝ ዳር እንዳይታረስ ቢመክሩ፥ መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋራ ዛፍ ቢተክሉ፥ የልጆቻቸውን መብራት ጠበቁ ማለት ነው።