የስኳር በሽታና የወንድነት ኃይል መድከም

አንዳንዱን በሽታ የሚያከፋው ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ሐፍረቱም ጭምር ነው። ከነዚህ አንዱ ስንፈተ ወሲብ የሚባለው የወንድነት ኃይል መድከም ነው። በማክሰኝትም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉት ከተሞች ይህ ነገር ሲደርስበት መተት ተደርጎብኛል የሚል ሰው ጥቂት አይደለም፤ ሌላውም ሚስቱን ይጠረጥራል፤ በዚህ ምክንያት የሚፈርስ ትዳር አለ። በዚህ ትምህርት የምናስረዳው ግን ይህ ድካም ብዙ ጊዜ የስኳር በሽታ ምልክት መሆኑን፣ ሰውየውም ከሁሉ በፊት ደሙን ማስመርመር የሚገባው መሆኑን ነው።

የስኳር በሽታ ምንድን ነው?

ከጨጓራ በስተኋላ ቆሽት የሚባል የሰውነት ክፍል አለ። ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይልካል፤ ኢንሱሊንም ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። ኢንሱሊን ሲጎድል ወይም ሥራውን መሥራት ሲሳነው ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ትርፉም በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በሽተኛው ሽንት ያበዛል፤ ውኃ ይጠማዋል፤ እየበላም ይከሳል። ይህ በሽታ የባለጸጎችና የወፍራሞች ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። የጎንደር ሐኪሞች በገጠር ካገኟቸው በሽተኞች ብዙዎቹ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭን ድሆች መሆናቸውን በጥናት አስታውቀዋል።

ሁለቱ እንዴት ይገናኛሉ?

የወንድ ብልት የሚቆመው በአጥንት ጥንካሬ አይደለም፤ በደም ነው። ፍትወት ሲነቃ መልእክቱ ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰርና በነርቮች በኩል ወደ ብልት ይወርዳል። በዚያም የነርቮቹ ጫፍና የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ነገር ያመነጫሉ። በዚህም የደም ሥሮቹ ይላላሉ፤ እንደ ሰፍነግ ያለው የብልቱ ውስጥ በደም ይሞላል፤ የሞላውም ደም የመመለሻውን ሥር ተጭኖ ስለሚይዘው ብልቱ ጸንቶ ይቆያል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ጤነኛ ነርቭና ጤነኛ የደም ሥር ያስፈልጋል። ለብዙ ጊዜ በደም ውስጥ የተከማቸ ስኳር ግን ሁለቱንም ይጎዳል፤ ነርቮችን ያደነዝዛል፤ የደም ሥሮችን ሽፋን አበላሽቶ መንገዳቸውን ያጠባል። ትምባሆና የደም ግፊት ሲጨመሩበት ጉዳቱ ይፈጥናል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2017 የታተመና 145 ጥናቶችን ያጠቃለለ ጽሑፍ፣ የስኳር በሽታ ካለባቸው ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት ይህ ድካም እንዳለባቸው አሳይቷል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በ2016 የተደረገው ጥናት ደግሞ፣ ቀላሉም ከባዱም ሲቆጠር፣ ከ100 የስኳር በሽተኞች ከ80 በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አግኝቷል።

ለምን ቶሎ መታወቅ ይገባዋል?

የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይልቅ ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ የሥሮች መጥበብ ብዙ ጊዜ በብልት ላይ አስቀድሞ ይታያል፤ የልብ ሕመም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊከተል ይችላል። ድካሙን የደበቀ ሰው እንግዲህ የልቡንም ማስጠንቀቂያ ደበቀ ማለት ነው። ድካሙ ቀስ በቀስ የመጣና ማለዳም ብልቱ የማይቆም እንደ ሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሰውነት ሕመም ነው። በድንገት የመጣና ማለዳ ግን የሚቆም እንደ ሆነ ጭንቀት ወይም ኀዘን ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቢሆን መመርመር ይገባል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ. ሌሊቱን ምግብ ሳይበሉ አድሮ ጠዋት ደምን ማስመርመር። የስኳሩ መጠን በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላም ቀን ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። የማክሰኝት ሰው በከተማው ጤና ጣቢያ ይጀምር፤ ካስፈለገ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይላካል።

2ኛ. መድኃኒትን አለማቋረጥ። ያደከመኝ የኢንሱሊኑ መርፌ ነው ብሎ የሚተው በሽተኛ አለ፤ የሚያደክመው ግን ስኳሩ እንጂ መርፌው አይደለም። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በአሜሪካና በካናዳ በ1,441 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ1993 የታተመው ጥናት፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የነርቭን ጉዳት በ60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አስረድቷል። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አብሮ ይውሰድ።

3ኛ. ትምባሆን መተው፣ አረቄንና ጠጅን መቀነስ፣ በየቀኑ በእግር መሄድ፣ የደም ግፊትን ማስለካት። የግፊት መድኃኒት አድክሞኛል የሚል ሰው መድኃኒቱን በገዛ እጁ አይተው፤ ሐኪሙ ሊለውጥለት ይችላል።

4ኛ. ከገበያ የኃይል መድኃኒት አለመግዛት። ከ1998 ጀምሮ ሲልደናፊልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ለብዙዎች ረድተዋል፤ ነገር ግን ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ቢውጣቸው የደም ግፊቱ እጅግ ወርዶ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ የሚታዘዙት በሐኪም ብቻ ነው።

መምህራንና ማንበብ የምትችሉ ሁሉ ይህን ላላነበበው ወንድማችሁ ብታስረዱት ትዳርንም ሕይወትንም ታድናላችሁ። ሚስትም ከባሏ ጋራ ወደ ሐኪም አብራ ብትሄድ መልካም ነው። የጤና ሠራተኛም በሽተኛው አፍሮ ዝም ቢል ራሱ ቀድሞ ይጠይቀው። በሽተኛውም ረጅም ታሪክ እንዲያወራ አይገደድም፤ «በመኝታዬ ደክሜአለሁ» ማለት ይበቃዋል፤ የቀረውን ሐኪሙ ይጠይቃል።