መካከለኛ ፒክአፕ መኪና የበለጠ ጉልበት ወይስ የናፍጣ ሞተር ያስፈልገዋልን?

ለንግድ ሥራ የሚውል ፒክአፕ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም የፈረስ ጉልበቱን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ መኪናው ለባለቤቱ ትርፍ ወይም ኪሳራ የሚያመጣው በእነዚህ በሁለቱ ቍጥሮች ብቻ አይደለም። ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጠው በምን ያህል ዙር ነው? የሚሠራው በየትኛው ነዳጅ ነው? በዓመትስ ምን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል? እነዚህ ነገሮች ሳይመረመሩ የተገዛ መኪና ባለቤቱን ከሁለት ባንዱ መንገድ ይጐዳዋል፤ ይኸውም ወይ ጭነቱን እንደ ያዘ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ወይም ፈጽሞ ለማይሠራበት ጉልበት የነጋዴውን ካፒታል አስሮ ያስቀምጣል።

መካከለኛ ፒክአፕ የሚባለው እስከ አንድ ቶን ገደማ የሚጭነው፣ እንደ ቶዮታ ሂሉክስ፣ ኢሱዙ ዲማክስና ፎርድ ሬንጀር፣ በአሜሪካም እንደ ቶዮታ ታኮማና ሼቭሮሌ ኮሎራዶ ያለው ነው። ከዚህ በታች የአሜሪካን ገበያ በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ የፈረስ ጉልበትና የመጠምዘዝ ኃይል

አንድ ሞተር ሁለት መለኪያ አለው። የመጠምዘዝ ኃይል የሚባለው ሞተሩ ጎማውን ለማዞር በእያንዳንዱ ዙር የሚያሳርፈው ኃይል ሲሆን፣ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። የፈረስ ጉልበት ግን ይኸው ኃይል በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚዞር ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉ አነስተኛ ቢሆንም እንኳ የፈረስ ጉልበቱ ብዙ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

ለዚህም የ2016 ሞዴል ኮሎራዶ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለመኪናው ለምርጫ ከቀረቡት ሞተሮች ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ባለ 3.6 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር 305 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን 365 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህን የሚሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር ሲደርስ ነው። ባለ 2.8 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር በአንጻሩ የፈረስ ጉልበቱ 181 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በ2,000 ዙር 500 ኒውተን ሜትር ይሰጥ ነበር። በወረቀት ላይ ደካማ የሚመስለው የናፍጣው ሞተር እስከ 3,490 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ ሲጎትት፣ የቤንዚኑ ወሰን 3,175 ኪሎ ግራም ነበር። ጭነት ይዞ ከቆመበት ለሚነሣና ዳገት በዝግታ ለሚወጣ መኪና የሚጠቅመው በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው ኃይል መሆኑ ከዚህ ይታያል።

2ኛ/ የአሜሪካ ገበያ የሰጠው ትምህርት

እንዲህ ከሆነ የናፍጣ ፒክአፕ በአሜሪካ ገበያ ለምን አልጸናም? ጄኔራል ሞተርስ ለኮሎራዶ የናፍጣ ሞተር ማቅረቡን በ2022 ሞዴል አበቃ። ጂፕ ኩባንያም ግላዲያተር ለተባለው ፒክአፑ ከ2021 ጀምሮ ያቀርበው የነበረውን ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር በ2023 አቆመ።

የመጀመሪያው ምክንያት የጭስ ሕግ ነው። በአሜሪካ የናፍጣ መኪና እንደ ቤንዚኑ መኪና ባለ ጥብቅ ወሰን ይመዘናል። ይህን ለማሟላት የጥላሸት ማጥሪያና የዩሪያ ፈሳሽ መርጫ ስለሚያስፈልግ፣ የመኪናው ዋጋ ይወደዳል፤ ጥገናውም ይከብዳል። በ2015 የፎልክስቫገን የጭስ ምርመራ ማታለያ ከተገለጠ ወዲህም የሕዝቡ እምነት ቀነሰ።

ሁለተኛው ምክንያት የቤንዚን ሞተር መሻሻሉ ነው። በ2023 የቀረበው ኮሎራዶ ባለ 2.7 ሊትር ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ይዞ፣ በከፍተኛው ደረጃ 310 የፈረስ ጉልበትና 583 ኒውተን ሜትር ያህል ይሰጣል። የቀድሞው ናፍጣ ይጎትት የነበረውንም ክብደት ይጎትታል። በ2024 የቀረበው ታኮማ ደግሞ ከቱርቦ ቤንዚን ሞተር ጋር የኤሌክትሪክ ሞተር ተጣምሮለት፣ 630 ኒውተን ሜትር ያህል ደርሷል።

ከግላዲያተርም አንድ ሌላ ትምህርት ይገኛል። የናፍጣ ሞተሩ 600 ኒውተን ሜትር ያህል ሲኖረው፣ የመጎተት ወሰኑ ግን 2,950 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ በብዙ የሚያንሰው የቤንዚኑ ግላዲያተር ደግሞ እስከ 3,470 ኪሎ ግራም ተፈቅዶለት ነበር። የመኪና አቅም በሞተሩ ብቻ አይወሰንም፤ ማቀዝቀዣው፣ ፍሬኑ፣ ሻንሲውና ባሌስትራው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

3ኛ/ የሒሳቡ ነገር

የ2016ቱ የናፍጣ ኮሎራዶ ከባለ 3.6 ሊትሩ ቤንዚን በ3,700 ዶላር ገደማ ይበልጥ ነበር። በመንግሥት መለኪያ መሠረት በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ቤንዚኑ በ100 ኪሎ ሜትር 11.2 ሊትር፣ ናፍጣው 9.4 ሊትር ይፈጃል፤ ልዩነቱ 1.8 ሊትር ነው። የሁለቱም ነዳጅ ዋጋ በሊትር 0.80 ዶላር ነው ቢባል፣ በዓመት 24,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው የሚያተርፈው 432 ሊትር፣ ማለትም 346 ዶላር ያህል ነው። የከፈለውን ጭማሪ ለመመለስ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዓመት 60,000 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን 864 ዶላር ስለሚያተርፍ፣ ጭማሪውን በአራት ዓመት ከጥቂት ወራት ይመልሳል። መኪናውም ነዳጁም አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው ኪሳራ የሆነው በሥራው ልዩነት ነው።

4ኛ/ ከፍታና ዳገት

በኢትዮጵያ በዚህ ሒሳብ ላይ የከፍታ ጕዳይ ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩን ራሱ ስለሚስብ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው አዲስ አበባ ሲደርስ 80 ያህል ብቻ ይሰጣል። ይህ ጕዳት ቤንዚንንም ናፍጣንም እኩል የሚነካ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ናፍጣ መሆኑ ሳይሆን አየሩን አፍኖ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባው ቱርቦ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ዳገት ጭነት ይዞ ስለሚወጣ፣ በዝቅተኛ ዙር ብዙ የሚጎትት ባለ ቱርቦ ሞተር ያስፈልገዋል። ከ2020 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወዲህ የተሻሻለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሂሉክስ 204 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር ሲኖረው፣ ባለ 2.4 ሊትሩ 150 የፈረስ ጉልበትና 400 ኒውተን ሜትር አለው።

5ኛ/ ከመግዛት በፊት ሊታሰብ የሚገባው

ጭነቱ ከባድ፣ መንገዱ ረጅምና ዳገታም የሆነ ነጋዴ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ቢመርጥ ሒሳቡ ይደግፈዋል። በከተማ ውስጥ ከመጋዘን ወደ ሱቅ አጭር መንገድ ለሚመላለስ ግን አዲሱ የናፍጣ ሞተር ችግር ሊያመጣበት ይችላል፤ የጥላሸት ማጥሪያው የሚጸዳው ሞተሩ ረጅም መንገድ ሄዶ በሚገባ ሲግል ስለሆነ፣ በአጭር ጕዞ ይደፈናል። የጥራቱ ሁኔታ አጠራጣሪ የሆነ ናፍጣ መቅዳትም የነዳጅ መርጫውን ያበላሻል። ስለዚህ የመለዋወጫ ዕቃና የታወቀ መካኒክ በአቅራቢያ መኖሩ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ስለሆነም ፒክአፕ ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ ያዘዘው ዐይነት የሚፈቀድ መሆኑን ትእዛዙን ከመላኩ በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽንና ከትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ይኖርበታል።

እንግዲህ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። አብዛኞቹ መካከለኛ ፒክአፖች ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው በዝቅተኛ ዙር የሚጎትት ኃይል ነው። የናፍጣ ሞተርም ብዙ ለሚጭንና ብዙ ለሚሄድ ጥቂት ባለ ሥራ እንደ ምርጫ መቅረቡ ይጠቅማል እንጂ ለሁሉ የሚሆን አይደለም። ለማይጫን ጭነትና ለማይኬድ መንገድ ገንዘብ ማውጣት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነውና፣ ነጋዴው የመኪናውን ሞተር ከመምረጡ በፊት የአንድ ዓመት ጭነቱንና ኪሎ ሜትሩን መዝግቦ ቢያሰላ፣ ለገንዘቡ ከሻጩ ቃል ይልቅ የታመነ መሪ ያገኛል።