ነፋስ የማይሞላ ጎማ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ጎማዬ በሚስማር እየተበሳ አስመርሮኛል። ነፋስ የማይሞላ ጎማ አለ ይባላል፤ ለቤት መኪና ይሆናል?

መልስ፦ ሚሸሊንና ጄነራል ሞተርስ «አፕቲስ» የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳይተዋል፤ በፈረንሳይ ፖስታ ቤት መኪኖችም ላይ ተሞክሯል። ክብደቱን የሚሸከመው ነፋስ ሳይሆን በቸርኬውና በመርገጫው መካከል የተደረደረው ተጣጣፊ ክንፍ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሚስማር አያስተነፍሰውም፤ ነፋስ ማስለካት፣ ስኮርታና ክሪክ ይዞ መዞር ይቀራል። ጉዳቱስ? በፍጥነት ሲነዱ ንዝረት፣ ድምፅና ሙቀት ያስቸግራል። ጭቃና ጠጠር በክንፎቹ መካከል ሊሰገሰግ ይችላል። ጭነት ሲበዛ ነፋስ ጨምሮ ማጠንከር የለም፤ መርገጫውም እንደማንኛውም ጎማ ያልቃል።

የዚህ ዓይነት ጎማ በብዛት የሚሸጠው ለሣር ማጨጃና ለትናንሽ መጫኛ ማሽኖች ነው። ስለዚህ ለጊዜው አይጠብቁት፤ የጎማዎን ነፋስ በየወሩ ያስለኩ፣ የስኮርታውንም አይርሱ።