ሽንት ቤት ፈርታችሁ ውሃ የማትጠጡ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው



ባለፈው ሳምንት ተረኛ ሆኜ አንዲት ወጣት መጣች። ሽንት ስትሸና ያቃጥላታል፣ ቶሎ ቶሎ ያጣድፋታል፣ ከእምብርቷ በታች ያማታል። በዚህ ዓመት ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳትመረመር ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝታ ውጣ ነው ያሳለፈቻቸው።

«እህቴ፣ በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጫለሽ?» ስላት ሳቀች።

«ዶክተር፣ ስራ ቦታማ አልጠጣም። ካውንተር ላይ ነኝ፣ ወረፋው አያስነሳኝም። ሽንት ቤቱም ውሃ የለው፣ በሩ አይዘጋ…»

ይህን መልስ ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። የታክሲ ሹፌሮችም፣ አስተማሪዎችም፣ ሱቅ የሚውሉ ሰዎችም ይሉኛል። ብዙ ሰው ውሃ የማይጠጣው ጥቅሙን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን የሚሸናበት ቦታ ስለሌለው ነው። (እኔም ኢንተርን እያለሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳልቀምስ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ፤ ስለዚህ አልቆጣችሁም።)

ግን ሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ኢንፌክሽኑን የሚያመጣው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከራሳችን አንጀት ነው የሚመጣው። የሴቶች የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ወደ ፊኛ ለመግባት ቅርብ ነው። በየጊዜው ስንሸና ታጥቦ ይወጣል። ሳንጠጣና ሳንሸና ስንውል ግን እዚያው ተረጋግቶ ይራባል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸውና ውሃ በጣም የማይጠጡ 140 ሴቶች ነበሩ። ግማሾቹ በቀን 1.5 ሊትር ውሃ እንዲጨምሩ ተደረገ፣ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ውሃ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመሙ። በውሃ ብቻ!

የኩላሊት ጠጠርም እንዲሁ ነው። ሽንት ሲወፍር ውስጡ ያለው ጨው ይጋገርና ጠጠር ይሆናል። ጣሊያን ውስጥ ጠጠር የወጣላቸውን ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ብዙ ውሃ ከጠጡት 12 በመቶው፣ ካልጠጡት 27 በመቶው ላይ ጠጠሩ ተመለሰ። ሕመሙን ያየ ሰው ይህን ቁጥር አይንቅም። «ቢራ ጠጠር ያወርዳል» የምትሉ ወንድሞቼ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ ቢራ ጠጠር አያሟሟም።

«8 ብርጭቆ» የሚባለውን ቁጥር ብዙ አትጨነቁበት። ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ጥሩ መነሻ ነው። ድሬዳዋ ወይም አፋር ያላችሁ፣ ጉልበት የምትሰሩ፣ የምታጠቡ እናቶች ጨምሩ። ሻይም ሾርባም ይቆጠራል፣ ቡናም ቢሆን። ከሁሉ የሚሻለው መለኪያ የሽንታችሁ ቀለም ነው፦ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ደማቅ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ካደላ ጠጡ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት መጥቆሩ ያለ ነው። ቢ ኮምፕሌክስ የምትወስዱም ቢጫው ቢደምቅ አትደንግጡ።

ሽንት ቤት ለሚቸግራችሁ፣ ለልጅቷ የነገርኳት ይህንን ነው። ጠዋት እንደተነሳሽ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጠጪና ሳትወጪ ሽኚ። ምሳ ሰዓት የተሻለ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ ስትሄጂ ሌላ ግማሽ። ቤት ስትገቢ ቀሪውን፣ ግን ከመኝታ ትንሽ ቀደም ብለሽ። ሽንትሽ ሲመጣ አትያዢው። አለቆች ይህን ካነበባችሁ ደግሞ የሰራተኛ ሽንት ቤት መቆለፊያና ውሃ የቅንጦት ነገር አይደለም።

የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ድክመት ያለባችሁ፣ በተለይ ዲያሊሲስ የምታደርጉ፣ ይህ ምክር እናንተን አይመለከትም፤ የምትጠጡትን መጠን ሐኪማችሁ ይወስን። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ ማስመለስ ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ሽንት ካቃጠላችሁ ውሃ እየጠጣችሁ አትጠብቁ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋር ሂዱ። ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ልጅቷን አሁን የሽንት ካልቸር ያዘዝኩላት ሲፕሮው ሊለመድ ስለሚችል ነው።

የእናንተ ስራ ቦታስ እንዴት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።