ዝምታ ፈቃድ ይሆናልን?

ዲላ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ቡና ነጋዴ ከዙህር ሶላት በኋላ ጎኔ ተቀምጠው ጥያቄ አቀረቡልኝ። አባታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ወንድማማቾቹ ውርሱ በሸሪዓ እንዲከፈል ይሻሉ። «እህታችን ግን ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ መስማማቷ አይደለምን?» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሸሪዓ ሴት ልጅ የወንድሟን ድርሻ ግማሽ ትወርሳለች። የቀለብ ኃላፊነት በወንዱ ላይ ስለሆነ በጥበቡ አልጠራጠርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ልጆች እኩል ይካፈላሉ። የእህትየዋ ዝምታ እንግዲህ ዋጋ አለው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በዚህ ረገድ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎና የእኛ ቃዲ አንድ ደጃፍ ላይ ናቸው። የክልል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚቋቋሙት በክልሉ ሕግ ነው። የፌዴራሎቹን ያጠናከረው አዋጅ 188/1992 ደግሞ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደተስማማ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ልቤ አይረጋም። መጥሪያውን ማን ተቀበለላት? ያነበበላትስ ማን ነው?

አንዲት የአዲስ አበባ ሙስሊም እህት በውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልፈቅድም ብላ ሳለ ተፈርዶባት ነበር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ፍርዱን ሻረው። አንዳንዶች ሸሪዓ ተደፈረ ብለው አዘኑ። እኔ ግን ያለ ፈቃድ የተሰጠ ፍርድ ለቃዲውም ክብር አይጨምርለትም እላለሁ።

በእስራኤል ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ሕግ የአይሁዶችን ጋብቻና ፍቺ ለረቢዎች ፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ የባልና ሚስት ፈቃድ አይጠየቅም። ከአገራችን የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን በአገር ቤት ቄሶቻቸው ያጋቧቸው ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ጉዳዩ በረቢዎች እጅ ወደቀ። በአይሁድ ሕግ ባል የፍቺውን ደብዳቤ ካልሰጠ ሚስት እንደታሰረች ትቀራለች። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1995 እምቢተኛ ባሎችን የሚቀጣ ሕግ ማውጣት አስፈለገ።

ወደ ዲላው ሰው ልመለስ። ዑለማዎች የልጃገረድን ዝምታ እንደ ፈቃድ የተቀበሉት በኒካሕ ነው፤ እሱም ተጠይቃ በሐያእ ዝም ስትል። የእርስዎን እህት ግን ማንም አልጠየቃትም አልኳቸው። በሸሪዓ የሚደርሳትንም በመደበኛው ሕግ የሚደርሳትንም ነግረው ይጠይቋት።

ትንሽ አሰቡና «እምቢ ብትልስ?» አሉኝ።

«መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል» አልኳቸው።